የአምናው ካርድ

ቤክስሊ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የምንከባከባቸው አሜሪካዊት አሮጊት፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ማጆንግ የሚባለውን፣ ሥዕል ያለባቸው ጠጠሮች የሚደረደሩበትን የአራት ሰው ጨዋታ ይወዳሉ። ሁለት ጎረቤቶቻቸው ሲመጡ ሰው ስለሚጎድል አራተኛ ሆኜ እቀመጣለሁ። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም የማይፈልገውን ሦስት ጠጠር ለጎኑ ሰው ያቀብላል። እኔ ግን ለትልቅ ሰው የማይረባ ነገር ልስጥ ብል እጄ እምቢ ይለኛል፤ ከጎኔ ላሉት ለእማማ ደህና ደህናውን እመርጣለሁ። ጎረቤቶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ!

የሚያሸንፈው አደራደር ካርድ ላይ ታትሞ ይመጣል፤ ካርዱም በየዓመቱ ይቀየራል። ከእሱ ውጪ የደረደረ ምንም ቢያምርለት አያሸንፍም።

ባለፈው ሳምንት እማማ ጠጠራቸውን ዘርግተው፣ አሸነፍኩ ለማለት «ማጆንግ!» አሉ። ፊታቸው በራ። አንደኛዋ ጎረቤት ካርዱን አየችና «ይሄ እኮ የአምናው ነው» አለቻቸው። ምናለ ዝም ብትል! አዲሱን ስንቴ አብረን አነበብነው፤ አእምሯቸው አልይዝ አለ እንጂ። ሐኪሙም የማስታወስ ችሎታቸው ከእንግዲህ አይመለስም ብሎናል።

ዛሬም ተቀመጥን። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠጠራቸውን ሳቆምላቸው ያንኑ የአምናውን መልቀም እንደጀመሩ አየሁ። ምን ላድርግ? የጎደላቸውን መርጬ አቀበልኳቸው።