ለአሮጌው ቢራቢሮ የመሰከርኩ ለት

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ልወጣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ ሰበቡም ቢራቢሮ ነበር ብል የዘመኔ ሰዎች እንኳ ይስቁብኝ ይሆናል። ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። አባቴ ሴት ልጁን ያስመዘገበው እያመነታ ነበርና ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «አንዲት ወቀሳ የሰማሁ ለት ቤትሽ ትቀመጫለሽ» ብሎኛል። ቤት መቀመጥ ማለት መዳር እንደሆነ ደግሞ ከታላቅ እህቴ አይቻለሁ።

መንገዱ ሩቅ ስለነበር ማልጄ እደርስና ደወል እስኪደወል አጥሩ ጥግ ፀሐይ እሞቃለሁ። የእርጥብ ሣሩና የባሕር ዛፉ ሽታ አሁንም ይመጣብኛል። እዚያ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀለሙ የለቀቀ፣ አንድ ክንፉ የተቦጨቀ ቢራቢሮ ያርፍ ነበር። ገና ትናንት የተፈለፈሉ የሚመስሉ፣ ክንፋቸው የሚያብረቀርቅ ሌሎች ሲመጡበት ተነሥቶ ይገጥማቸዋል። እየተሽከረከሩ ሽቅብ ይወጣሉ። ተመልሶ ድንጋዩ ላይ የሚያርፈው ግን ሁልጊዜ ያው አሮጌው ነው።

የሳይንስ አስተማሪያችን ስለ ነፍሳት ያያችሁትን ጻፉ ሲለን ይህንኑ ጻፍኩ። ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪው ግንባሩን ቋጥሮ፣ «ጉልበት ያለው ወጣቱ ነው። የፈጠራ ወሬ ማን ጠየቀሽ? ነገ ወላጅ አምጪ!» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

አባቴ የድንበር ሙግት ሲነሣ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት መጥቶ የአስተማሪውን ክስ እስከ መጨረሻው ሰማና፣ «ክርክሩ የቦታ ከሆነማ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ነው እንጂ፣ እዚህ ቆመን ምን እንፈርዳለን?» አለ። ሦስታችንም አጥሩ ጥግ ሄደን ቆምን። ድንጋዩን የያዘው ግን አንድ አብረቅራቂ ወጣት ነበር። አስተማሪው ሊመለስ ዞር ሲል ያ ክንፈ ቡጭቅ አሮጌ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ተያያዙ። ወጡ፣ ወረዱ፣ እንደገና ወጡ። አባቴ ነጠላው ከትከሻው ሲወርድ እንኳ አላወቀም። በመጨረሻ ወጣቱ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ፤ አሮጌው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«አበጀህ አንተ ሽማግሌ!» አለ አባቴ።

አስተማሪው አፍሮ፣ «ልጅዎ አልዋሸችም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው።

«እኔን ምን በደሉኝ፣ መምህር? ይቅርታውን እሷን ይጠይቋት እንጂ።»

እፎይ አልኩ። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። አባቴ ሲሄድ፣ «በይ፣ ትምህርትሽ እንዳያልፍሽ» ብቻ ነው ያለኝ።

ካደግሁ በኋላ አንድ መጽሐፍ ላይ ምክንያቱን አገኘሁት። ዕድሜው የገፋ ወንድ ቢራቢሮ የቀሩት ቀናት ጥቂት ስለሆኑ ሴት የምታልፍበትን ቦታ በዋዛ አይለቅም፤ ወጣቱ ግን ነገም አለውና ይተወዋል ይላል። አስተማሪዬ ይህን ቢያነብ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያኔ ያየሁትን ተናግሬ የሚያምነኝ አጥቼ ነበር። ዛሬ ሽበቴን አይተው ያላየሁትን ባወራ እንኳ የልጅ ልጆቼ ያምኑኛል። ከእነሱ አንዱ ግን «እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አየሁ» ብሎ ሲመጣና ሌሎቹ ሲስቁበት፣ ወገቤን ይዤ እነሣለሁ። «የታለ? ና አሳየኝ» እለዋለሁ።