የልጄ ባል አገጬን የያዘ ዕለት

ጨጓራዬ ዓመት ሙሉ ሲያቃጥለኝ ከርሞ በመጨረሻ ሐኪሙ ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን የሚያይ ምርመራ፣ አዘዘልኝ። ማደንዘዣ ስለሚሰጥ ብቻዎን መምጣት አይቻልም ተባልኩ። ልጄ ደምበል አጠገብ ካለው መሥሪያ ቤቷ ፈቃድ አጣችና ባሏን ላከችልኝ። ከተጋቡ ገና ጥቂት ወራቸው ነው፤ ቡልጋሪያ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ብዙ የማያወራ ልጅ።

የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ሰው ሠራሽ ናቸው። ይህን ከሟቹ ባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር፤ ልጄ እንኳ። ነርሷ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለዎት ያውልቁ ስትለኝ በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኳቸው። ከመርፌው በኋላ የሆነውን አላስታውስም።

ስነቃ ፊቴ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጓል። ሻሼ ወልቋል። የልጄ ባል ራስጌዬ ቆሞ በሁለት እጁ አገጬን ወደ ላይ ይዟል፤ የሸሚዙ እጅጌ በለሃጬ ርሷል።

«እናቴ፣ በደንብ ይተንፍሱ» አለች ነርሷ። «ማደንዘዣው ከብዶዎት ኦክስጅንዎ ወርዶ ነበር። ጭምብሉን እስካመጣ ምላስዎ ጉሮሮዎን እንዳይዘጋው ከውጭ ጠርቼ አገጭዎን ያዝልኝ ብዬው ነው።»

አፌን በእጄ ልሸፍን ስል ያዘችኝ። «ጣትዎን አያንቀሳቅሱ፣ የኦክስጅን መለኪያው ይወልቃል።»

ባዶ ድዴን ለአማቼ እንዳሳየሁ ተጋደምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በታክሲ ካዛንቺስ ቤቴ እስክንደርስ አፌን በነጠላዬ እንደሸፈንኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲመጣ አመመኝ እያልኩ መኝታ ቤት እገባለሁ። ሲደውል «ስልኩን ለልጄ ስጣት» እላለሁ። አንድ እሑድ ግን በሩን ራሴ ከፈትኩና ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«እማዬ፣ አስቀይሜዎት ይሆን?» አለኝ።

«ምን አድርገህ ታስቀይመኛለህ?»

«ከሕክምናው ወዲህ ሸሹኝ።»

መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «እንደዚያ ሆኜ አየኸኝ» አልኩት።

«እኔ ያየሁት የኦክስጅኑን ቁጥር ነው። ሲወርድ፣ ሲስተሯም ስትሮጥ፣ በቃ ለልጅዎ ምን ብዬ ልነግራት ነው እያልኩ ነበር። ጭምብሉ ከተደረገልዎ በኋላ እንኳ አገጭዎን መልቀቅ ፈርቼ ነበር።»

ይህን አላስተዋልኩም ነበር። ያን ሰሞን ሁሉ ስለ ገጽታዬ ስብሰለሰል፣ ልጁ ደንግጦ ይሆን ብዬ አንዴም አልጠየቅኩም። ይሄኛው እፍረት ከፊተኛው ባሰብኝ።

«ግባ» አልኩት፤ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። «ምሳ አብረን እንበላለን።»