የኩይሳ እንጉዳይ ቀማሽ

እኔ በተወለድኩበት በሸዋ ደጋ እንጉዳይ አይበላም። ስሙም የጅብ ጥላ ነው። ዝናብ ሲጥል ከመሬት ብቅ ይላል፣ ያየው ልጅ በእግሩ ጨፍልቆት ያልፋል፣ በቃ። ስለዚህ አግብቼ ከሚሴ በገባሁበት በመጀመሪያው በልግ፣ ጎረቤቴ የነበሩት ባልቴት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ነገ ማለዳ እንጉዳይ ለቀማ እንወጣለን፣ አንቺም ነይ» ሲሉኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ።

«እኔን ጅብ አደረጉኝ እንዴ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ጅብ ቢያውቅበት ኖሮ ለእኛ መች ይተርፈን ነበር፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ኢንተላ ኮ «ልጄ» ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ኦሮምኛ አንድም ቃል ስለማላውቅ ምን እንዳሉኝ እንኳ ሳልጠይቅ በሬን ድርግም አድርጌ ገባሁ። ሲነኩኝ አልወድም፤ ይሄ አመሌ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ባሌ የስልክ ሠራተኛ ነበር፣ ሥራው አዛውሮት ነው የመጣነው። የዛሬዋን ከሚሴ አታስቡ። በጃንሆይ ጊዜ ከተማ የምትባለው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ ቤቶች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡበት አንድ ቤት፣ ከዚያ ሜዳ ነው። ሙቀቱ ለደጋ ሰው አይጣል ነው። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ወሬውን በአማርኛ ይጀምሩትና መሃል ላይ በኦሮምኛ ይጨርሱታል፣ እኔ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። ባሌ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ቀኑን ሙሉ ከድመቴ ጋር ስጣላ እውላለሁ። የራበኝ ሰው ነበር፣ እውነቱን ልናገር፤ በነጋታው ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ተከተልኳቸው።

ሴቶቹን መንደሩ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። የገበሬ ሚስት አለች፣ የነጋዴ ሚስት አለች፣ ጠላ ሻጭ አለች፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አንድ ላይ። ለስብስቡ ስም አልነበረውም፤ «የኩይሳ ማኅበር» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዘግይቶ። ሙስሊሞቹ «ጽዋ ልታጠጪን ነው?» እያሉ ሳቁብኝ፣ ስሙ ግን ጸደቀ።

በልግ ገብቶ ሌሊት ነጎድጓድ ከተሰማ ጠሪ አያስፈልግም፣ ማለዳ ዋርካው ሥር መገናኘት ነው። የቦርከና ወንዝ ካልሞላ ቀሚሳችንን ሰብስበን እንሻገርና በጨፋ ሜዳ ዳር ወዳሉት ኩይሳዎች እንሄዳለን። ምስጥ ከሠራው ከዚያ የአፈር ቁልል ላይ ነው ምርጡ እንጉዳይ የሚፈነዳው። ቀድማ ያየች ሴት አትጮህም፤ እርጥብ ሣር ቋጥራ ኩይሳው ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ሣር የተቋጠረበትን ሌላ አትነካም። ሲለቀም ደግሞ አይቆረጥም። ዙሪያውን በዱላ ተቆፍሮ ከነሥሩ ይወጣል፤ ሥሩ ረጅም ነው፣ እስከ ምስጦቹ ቤት ድረስ ይወርዳል። «ሥር የሌለው የእኛ አይደለም» ይሉ ነበር ጎረቤቴ። መጀመሪያ ቀን ጎትቼ በጠስኩትና ከእጄ ነጥቀው ወረወሩት፤ ተቀየምኩ፣ እሳቸው ግን መቀየሜንም አላዩልኝ።

ስንመለስ ሁሉም እንጉዳይ በጎረቤቴ ግቢ በአንድ ሰሌን ላይ ይፈስሳል። ብዙ ያገኘችም ባዶዋን የመጣችም እኩል ትካፈላለች፣ በመንደሩ አራስ ካለች ድርሻዋ ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤቴ እያንዳንዱን አንስተው ይፈትሹታል። ሥሩን በጣታቸው ይዳብሳሉ፣ ያሸቱታል፣ በመጨረሻ ገልብጠው ሆዱን ያያሉ። ነጭ ከሆነ ወይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ያልፋል። ሜዳው ሣር ውስጥ የሚበቅል፣ ከላይ ሲያዩት ቁርጥ የእኛን የሚመስል አንድ ክፉ አለ፤ እሱ ሆዱ ወደ አረንጓዴ ያደላል። የበላው ሰው አንጀቱ እስኪገለበጥ ያስታውካል። ጎልማሳ ይተርፍ ይሆናል፣ የደከመ ሽማግሌ ግን አይችለውም።

ከተፈተሸው ጥቂቱ እዚያው ይሠራና አብረን እንበላለን፣ የቀረውን ተካፍለን ወደየቤታችን እንወስዳለን። ከድስቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ የሚጎርሱት ግን እሳቸው ናቸው። «ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ልቅመሰው» ይላሉ። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አሉ። እሳቸው ጎርሰው፣ አላምጠው፣ «አልሐምዱሊላህ» እስኪሉ ድረስ አንዳችንም እጃችንን አንዘረጋም።

እኔማ የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጎረስኩት። ሥጋ ነው ብለው ቢምሉልኝ አምን ነበር። በሽንኩርትና በኑግ ዘይት ተጠብሶ፣ በማሽላ እንጀራ ተጠቅልሎ ሲገባ እናቴንም አገሬንም ለጊዜው ረሳኋቸው። ባሌ «የጅብ ጥላ በልተሽማ በእኔ ሳህን አትበይም» ብሎ ዕቃውን ለየ። ብዙም አልቆየ፣ አንድ ቀን ከድስቴ ሲሰርቅ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ሳህኖቹ ተቀላቀሉ።

እንዲህ እያልን በልግ በበልግ ላይ አለፈ። ኦሮምኛው ገባኝ፣ ቀልዱም ገባኝ፣ ሴቶቹ ሲሰድቡኝ በኦሮምኛ መልስ መስጠት ጀመርኩ። ሰው የሆንኩት በዚያ ማኅበር ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ የጎረቤቴ ዓይን መድከም ጀመረ። ቀድሞ ገና ከደጃፌ ስወጣ «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም ይሉኝ የነበሩት ሴትዮ፣ አሁን አጠገባቸው ደርሼ እስክናገር ይጠብቃሉ። ሜዳው ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መቅረት አመጡ። እኛ ሳንመካከር አንድ ነገር ለመድን፤ ኩይሳ ያየች ሴት ሣሩን ሳትቋጥር ትመለስና «እማማ፣ በዚህ በኩል ብንሄድስ?» ትላለች። እሳቸው በዱላቸው እየዳበሱ ደርሰው «ይኸውና» ይላሉ፣ እኛም «አይ እማማ፣ ቀደሙን» እንላለን። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። ሆድ ይፍጀው ነበር ነገሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ያላቸው አንድ ልጅ አሰብ ወደብ ወርዶ ቀርቷል። በመንደሩ የሚፈለጉት፣ የሚከበሩት፣ ደጃፋቸው በሰው የሚሞላው በዚህ በእንጉዳዩ ነው። እሱን ከእሳቸው ላይ መንጠቅ የሚሆንላት ማን ናት?

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። እኛ ክርስቲያኖቹ ከሰዓት በኋላ መግደፍ እንችላለን። ግን እሳቸው ሳይቀምሱ አይበላም፣ እሳቸው ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይቀምሱም። ስለዚህ እኛም ከሙስሊሞቹ ጋር አዛን መጠበቅ ሆነ። ያዘዘን የለም፣ እንዲያው ሆነ። እኔ «ሁለት ጾም በአንድ ሆድ» እያልኩ ስነጫነጭ ሙስሊሞቹ «አንቺማ ግማሽሽ ጀነት ገባ» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ወር በአንዱ ቀን እንጉዳይ እንደ ጉድ ፈነዳ። ቅርጫታችን ሞልቶ በነጠላችንም ቋጥረን ተመለስን። በዚያ ቀን ገና አዲስ የገባች አንዲት ሙሽራ አብራን ወጥታ ነበር፤ ቅርጫቷ እንዲቀልላት ብላ ሥሩን ሁሉ እየሰበረች ጥላዋለች። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ጎረቤቴ ከቀኑ ጾም የተነሳ ፊታቸው ተሟጦ፣ ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለው ይፈትሻሉ። ከሙሽራዋ ክምር አንዱን ትልቅ አነሱ።

«ሥሩስ?» አሉ።

«ተሰበረብኝ» አለች ልጅቷ።

አሸተቱት። ገለበጡት። ወደ ፊታቸው አስጠግተው ቆዩበት፣ በጣም ቆዩበት። እኔ ከፊት ለፊታቸው ነበርኩ፣ ሆዱን አየሁት። አረንጓዴ ነው።

«ደህና ነው» አሉና ወዲያው በጣታቸው ሸራርፈው ድስቱ ውስጥ ከሌላው ጋር ጨመሩት።

ዙሪያዬን አየሁ። ነባሮቹ ሴቶች ሁሉ አይተዋል። አንዷ የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች፣ አንዷ መሬት መሬት ታያለች። ሁሉም ሌላዋ እንድትናገር ይጠብቃል። እኔ፣ ያቺ ምላሷ ከጦር የሚሾል ሴትዮ፣ አፌ ተሳሰረ። አረንጓዴ ነው ማለት፣ በሰው ሁሉ ፊት «ታውረዋል» ማለት ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ቀድመው የሚጎርሱት እሳቸው ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንኳ ባልገባበት በደከመ ሆድ።

ድስቱ ተጣደ። ሽታው ግቢውን ሞላው። አንዷ «እኔ ዛሬስ ሆዴን ቆርጦኛል፣ ባልበላ ይሻለኛል» አለች። ሌላዋ «ልጄ ያለቅሳል፣ ልሂድ መሰለኝ» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ቤቷ እንግዳ እንደሚጠብቃት ትዝ አላት። ያን ጊዜ ነው የነደደኝ። የራሳቸውን ሆድ አድነው እኚህን አሮጊት ከድስቱ ጋር ጥለዋቸው ሊሄዱ ነው።

አዛን ተሰማ። ጎረቤቴ «ቢስሚላህ» ብለው ከሰንበቴ ከተማ ገበያ የመጣች ተምር ቀመሱ፣ ውሃ ተጎነጩ። ከዚያ እንጀራ ቆርሰው ወደ ድስቱ እጃቸውን ላኩ። እኔ ብድግ አልኩና ድስቱን በእግሬ ገለበጥኩት። የፈላው ወጥ ግማሹ አመድ ውስጥ፣ ግማሹ እግሬ ላይ ሄደ።

«አደናቀፈኝ» አልኩ።

ሙሽራዋ ምንም ስላላወቀች «ልፋታችን ሁሉ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። የጎረቤቴ እጅ እንጀራውን እንደያዘ በአየር ላይ ቆየ።

«ተቃጠልሽ?» አሉኝ ቆይተው።

«ትንሽ ነው፣ እማማ።»

ወደ እሳቸው አስጠጉኝና እግሬን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡ ጀመር። ጣታቸው የተላጠውን ቦታ እየፈለገ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አጎንብሰው፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «ሆዱ ምን ይመስል ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት አቃተኝ። «አረንጓዴ» አልኳቸው።

ማጠባቸውን ቀጠሉ፤ ውሃው ካለቀም በኋላ እግሬን አልለቀቁም። የዚያን ምሽት እንጀራውን በሚጥሚጣና በዘይት በላን፤ ሆዴን ቆረጠኝ ያለችውም፣ እንግዳ ያለባትም ተቀምጣ በላች።

ከዚያ በኋላ ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይፈራ ነበር፤ አይወጡም፣ ቤታቸውን ዘግተው ይቀራሉ ብዬ። በሚቀጥለው ዝናብ ማለዳ ዋርካው ሥር ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ እንደ ወትሮው ዋልን። ተመልሰን እንጉዳዩ ሰሌኑ ላይ ሲፈስስ ጎረቤቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ዓይኔ ሄዷል» አሉ፣ ለሁሉም። «እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ሥሩን እኔ እይዛለሁ፤ ሆዱን ይቺ ትየው።»

ስንት ዘመን የደበቅንላቸውን ነገር በራሳቸው አፍ ተናገሩት። አንገታችንን የደፋነው እኛ ነን። እሳቸው እየዳበሱ ያቀብሉኛል፣ እኔ እየገለበጥኩ አያለሁ፣ እንዲህ ሆነን ጨረስነው።

ድስቱ ወርዶ አዛን ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ያሳለፈ ነው የሚቀምሰው። ዛሬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እንጀራ ቆርሼ አጠቀስኩ፤ ፈራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ያን ሁሉ ዓመት እሳቸው በእያንዳንዱ ድስት ላይ ምን ይጎርሱ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። እንጀራውን ወደ አፌ ላደርስ ስል የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«ቆይ» አሉ። ለራሳቸውም ቆርሰው አጠቀሱ። «እኔም ሥሩን አሳልፌያለሁ። አብረን።»

አብረን ጎረስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየበልጉ ከድስቱ የሚነሳው የመጀመሪያ ጉርሻ ሁለት ነበር። አንድም ቀን ብቻዬን አላስቀመሱኝም።

የሞቱት ከዓመታት በኋላ በበጋው ማለቂያ፣ በልግ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። የመጀመሪያው ነጎድጓድ የተሰማ ዕለት ከአልጋዬ አልነሳም ብዬ ነበር፤ ሴቶቹ መጥተው በሬን ደበደቡ። ወጣሁ፣ ተሻገርን፣ ለቀምን። እሳቸው ስለሌሉ ሰሌኑ በእኔ ግቢ ተነጠፈ። ሥሩንም እኔ ዳበስኩ፣ ሆዱንም እኔ አየሁ፣ የተጠራጠርኩትን ሁሉ ጣልኩ። ድስቱ ወረደ። ሴቶቹ እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል። እንጀራዬን አጥቅሼ የእጄን አንጓ የሚይዘኝ እንዳለ ጠበቅሁ፤ ማንም የለም፣ ብቻዬን ጎረስኩ።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ መርዝ የጎረስኩ መስሏቸው ድስቱን ሸሽተው ብድግ ብድግ አሉ፤ አንዷ ውሃ ልታመጣ ሮጠች፣ አንዷ ጀርባዬን ትመታኛለች።

«ደህና ነው» አልኳቸው እንደምንም። «ምንም የለውም። ብሉ።»