ደንቡ የከለከለው ሙሾ

ለዚህ ጽሑፍ ሦስት ምንጮች አሉኝ። አንደኛው የዕድራችን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነው፤ ጸሐፊው እኔ ስለ ነበርሁ በገዛ እጄ ጽሑፍ የተሞላ ነው። ሁለተኛው የጎረቤታችን ቃል ነው። ሦስተኛውና ደካማው የራሴ ትዝታ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ያየሁትን ከተነገረኝ መለየት ይቸግረኛል።

መዝገቡ በአንድ ነገር አያሻማም። ልደታ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ በለቅሶ ድንኳን ሙሾ ማውረድና ደረት መምታት እንዲከለከል እኔ ያረቀቅሁት አንቀጽ ያለ ተቃውሞ ጸድቋል። የተማረ ሰው ሐዘኑን በጨዋነት ይይዛል ብዬ አምን ነበር።

ዓመት ሳይሞላ አንድያ ልጃችን ታማ ሞተች። ድንኳኑ ከሕንፃችን ሥር፣ መኪና በሚቆምበት ተተከለ። ባለቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተነሣችና የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረች። ክንዷን ይዤ፣ «ደንቡ» አልኋት። ይህን ማለቴን አልጠራጠርም፤ ሌላ ምን እንዳልሁ ግን አላስታውስም። ተቀመጠች። እኔም አላለቀስሁም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ስንኖር ያን ቀን አንሥተን አናውቅም።

አምና እሷም ሞተች። ደንቡ ተከበረ፤ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሰው «እግዜር ያጽናዎት» ሲለኝ አንገቴን እደፋ ነበር፤ ዓይኔ ግን ደረቅ ነበር። አለማልቀሴ ጨዋነት ሳይሆን ሌላ ነገር እንደ ሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ጎረቤታችን በሬን አንኳኳች። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጨርቅ የምትነግድ የወሎ ሴት ናት፤ ከባለቤቴ ጋር ልብስ አብረው ያጥቡ ነበር። ትልቅ ሳፋ ይዛለች።

«ጋሼ፣ የእትዬ ሳፋ እኔ ዘንድ ቀርቶ ነው። ልጅዎን ስታለቅስ ይህን ነበር እንደ ከበሮ የምትመታው።»

«የት?»

«ታች ነዋ፣ ልብስ የምናጥብበት ኮሚናሉ ውስጥ! ቅዳሜ ቅዳሜ። እዚያ ደንብ የለማ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ቃለ ጉባኤ ሊይዙብን?» ብላ ሣቀች፤ ወዲያው አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ከዚያ ሳፋውን ገልብጣ፣ በጣቶቿ ቀስ እያለች እየመታች የባለቤቴን ሙሾ አዜመችው፤

በሰው ሙሉ ድንኳን ዝም ብዬ ሸኘሁሽ፣
ከሳፋዬ ጋራ ዛሬ አለቀስኩሽ።

ደፉ ላይ ተቀመጥሁ። ለልጄም ለእናቷም ያላነባሁት በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ድምፅ አውጥቼ፣ «ደንቡ» ባልሁበት አፍ አለቀስሁ። ሴትዮዋ «ይበቃዎታል» አላለችኝም። ሲበርድልኝ ቀጠለች፤

አባትሽን ተዪው፣ ቂም እንዳትይዢበት፣
እንባውን ቢፈልግ ደብተር ላይ ጠፋበት።

ዛሬም ቅዳሜ ጧት ሳፋውን ከአልጋ ሥር አወጣለሁ። ዜማውን በትክክል የያዝሁት አይመስለኝም። ሁለቱን ሙታኖቼን የማለቅስበት ሌላ መንገድ ግን የለኝም።

በመጀመሪያው ግጥም ላይ ጥርጣሬ የለኝም፤ የምድር ቤት ነዋሪ የሆኑ ሌላ ሴትም በኮሚናሉ ግድግዳ በኩል ይሰሙት እንደ ነበር ነግረውኛል። ሁለተኛውን ግን ከጎረቤቴ በቀር የሰማ አላገኘሁም። እሷ ደግሞ ግጥም አይቸግራትም፤ ውሃ ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ ስለ ባዶው ታንከር የገጠመችውን ሕንፃው ሁሉ ያዜመው ነበር። ስለዚህ ጠየቅኋት።

«የኋለኛውን የገጠመው ማን ነው?»

«እትዬ ናታ! ሌላ ማን ‹አባትሽን ተዪው› ይላል?»

ይህን ስትል የምታየው እኔን ሳይሆን ሳፋውን ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል። ባለቤቴ ይቅር እንዳለችኝ ያለኝ ማስረጃ እነዚያ ሁለት ስንኞች ብቻ ናቸው፤ የእሷ ስለ መሆናቸው እስከ ዛሬ ማረጋገጫ አላገኘሁም።