የመርከቡ ወለል ሳይነጠፍ

ሐይቅ ከተማ የሄድኩት ለሥራ ነበር። ከሰሜን የተፈናቀሉ ሰዎች በከተማው ትምህርት ቤቶች ሰፍረው ስለነበር ስለ እነሱ እንድዘግብ ከአዲስ አበባ ተላክሁ። ከሥራው ሌላ አንድ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ፤ ታላቅ ወንድሜን ይዤ መመለስ። ወንድሜ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ጦርነት ወደ አንድ ከተማ ሲጠጋ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ ኢንሱሊን እንደሆነ በሥራዬ ደጋግሜ አይቻለሁ። መንገዱ ሳይዘጋ ላወጣው ፈለግሁ።

ቤት ስደርስ ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት የእንጨት መርከብ ጭኑ መሃል ይዞ፣ ወለሏን በምላጭ እየፈለፈለ ያነሳ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን እያደረግህ ነው ጋሼ?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጋዜጠኛዋ። ልብሷን እያስወለቅኋት ነው፤ ፊትሽን አዙሪ።»

ባለቤቱ ከጓዳ ሆና፣ «አገር ባሕሩን አስረከበ፤ ይኼ ደግሞ መርከቡን አምጥቶ እኔ ሳሎን አቆመው» አለች። ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትናገረዋለች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማው ሰው ይስቃል።

ወንድሜ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ሥራው የመርከቧ የላይኛ ወለል ላይ ነው፤ ማጠብ፣ መፋቅ፣ በሳንቃዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት በገመድ ጭረትና በቅጥራን መድፈን። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ ሐይቅ ተመልሶ በር፣ አልጋና ቁም ሳጥን እየሠራ ሁለት ልጆች አሳደገ፤ ሁለቱም ዛሬ ጅዳ ናቸው። ስለ ባሕር ብዙ አያወራም ነበር። ለውጡ የመጣ ሰሞን አገሪቱ የባሕር ኃይሏን መልሳ ልታቋቁም ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማ። በማግስቱ አንድ የዋንዛ ግንድ ቤት አምጥቶ የመርከብ ቀፎ መጥረብ እንደጀመረ ባለቤቱ ነግራኛለች።

ቀፎው አልቆ ነበር። የቀረው ወለሉ ነው። በክረምት ከጽድ እንጨት እንደ ክብሪት ዘንግ የቀጠኑ ሳንቃዎች ሰንጥቆ፣ ሐይቁ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በደንብ ሳይደርቁ አነጠፋቸው። የጥቅምት ነፋስ ሲመጣ ሳንቃዎቹ ተኮማተሩና በመሃላቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ።

«መርከብ ላይ ሳለሁ ወለሉ ሲደርቅ ባሕር ውኃ እንደፋበት ነበር፤ ይነፋና ክፍተቱ ይዘጋል። እዚህ ባሕሩ የለም አላልኩም ለራሴ» አለኝ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ብዙ አልተከራከረኝም። «እሺ፣ እንሂድ» አለ፤ ባለቤቱም ልብስ መሸከፍ ጀመረች። ለማግስቱ ጠዋት አንድ የሚኒባስ ሹፌር አነጋገርኩ። ሌሊቱን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ቀርቦ ተሰማ። ሹፌሩ የራሱን ቤተሰብ ጭኖ ሳይነጋ ወጣ። ሲነጋ ታጣቂዎቹ ዋናው መንገድ ላይ ነበሩ። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ «መርከቧ ናት ያስቀረችው፣ ሳልጨርሳት አልሄድም ብሎ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ አላለም። የቀረነው ሹፌሩ ስለሄደ ነው። ሹፌሩንም አልወቅሰውም።

መብራት ጠፋ። ስልክ ጠፋ። መድኃኒት ቤቶቹ ተሰብረው ባዶ ሆኑ። ባለቤቱ የቀረውን የኢንሱሊን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልላ፣ እርጥብ አሸዋ የሞላ እንስራ ውስጥ ቀብራ፣ ጓዳው ጥግ አስቀመጠችው። ጠዋትና ማታ አውጥታ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታያለች። ምን ያህል እንደቀረ አልጠይቃትም፤ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ወንድሜ ማንንም ሳያማክር መጠኑን በግማሽ ቀነሰ።

«ይኼ ትክክል አይደለም» አልኩት።

«ትክክሉን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አብሽሪ። ነይ ቁጭ በይ፣ እጅሽን እፈልገዋለሁ።»

እጄን የፈለገው የጣቶቹ ጫፍ ስለደነዘዘ ነው። የስኳሩ ሥራ ነው። ምላጭ ቢቆርጠው ደሙን ካላየ አያውቅም። ዓይኑም ከሩቅ ደህና ቢሆንም ከቅርብ ተዳክሟል። እኔ በበኩሌ ማስታወሻ መያዝ፣ ስልክ መደወል፣ ሰው መጠየቅና የሰማሁትን ከሌላ ሰው አፍ ማጣራት የምችል ሰው ነኝ። ከዚህ ሁሉ አንዱም በዚያ ሳምንት አይሠራም ነበር። ስለዚህ ቁጭ አልኩ።

የወለል አነጣጠፉ ሕግ አለው። ከመርከቧ የፊት ጫፍ እስከ ኋላዋ፣ ልክ መሃል ለመሃል አንድ ሳንቃ ይለጠፋል። ከዚያ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ፤ እንደገና አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። አንዱን ጎን ቀድመሽ ብትጨርሺ ኮላው ሲደርቅ ቀፎውን ይስበውና መርከቧ ትጣመማለች አለኝ። የሳንቃዎቹ ጫፎችም ጎን ለጎን መገጣጠም የለባቸውም፤ እንደ ጡብ ግንብ ይዛነቃሉ። ከመለጠፉ በፊት የእያንዳንዱ ጠርዝ በከሰል ዱቄት ይጠቁራል፤ ሲገጥም ቅጥራን የፈሰሰበት ይመስላል። ኮላውን የምናስገባው በስሪንጅ ነው። ቤቱ ውስጥ ያገለገለ ስሪንጅ ሞልቷል፤ መርፌው ጫፍ ላይ ጠብታዋ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። ባዶ ስሪንጅ በቆርቆሮ ሙሉ ነበረን።

«በዝቷል፣ በዝቷል! መርከብ ነው ወይስ ገንፎ?» ይለኛል።

ባለቤቱ ትስቅና፣ «ገንፎ ሠርታ ታውቃለችና?» ትላለች።

አንድ ከሰዓት ሦስት ታጣቂዎች ለፍተሻ ገቡ። ሁለቱ ጓዳ ሲገቡ ባለቤቱ እንስራው አጠገብ ቆመች። ሦስተኛው፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ሳሎን ቀርቶ መርከቧን አየ።

«ይኼ ምንድነው?»

«መርከብ» አለው ወንድሜ።

«ምን ታደርግላችኋለች?»

«መውጫ ስናጣ ልንሳፈርባት ነው።»

ልጁ ሳቀና ወለሉን በጣቱ ሊነካ ዘረጋ። ወንድሜ እጁን ያዘው። «ኮላው አልደረቀም፣ የኔ ወንድም።» ልጁ እጁን ሰበሰበ። ያኔ ደፍሬ ሐኪማቸው ጋ ኢንሱሊን ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። ቃሉን አስደገመኝ። «እኛም ቁስል የምናጥብበት የለንም» አለ። እውነቱን ይመስለኛል። ከጓዳ የጤፍ ጆንያ ይዘው ወጡ፤ እንስራውን አልነኩትም።

ብልቃጡ ያለቀው ቀኝና ግራው እኩል እየሄደ ግማሽ ወለል በተነጠፈ ጊዜ ነው። ወንድሜ እንጀራ መብላት አቁሞ ጎመንና የሐይቁን ዓሣ ብቻ ይበላ ነበር። ሆኖም ውኃ እንደ በረሃ ሰው ይጠጣል፤ ይሸናል፤ ተመልሶ ይጠጣል። ሱሪውን በገመድ ማሰር ጀመረ። የደም ስኳር መለኪያው አለ፤ የደም ጠብታ የሚነካበት ወረቀት ግን የለም። ስለዚህ ምን ያህል እንደከፋ በቁጥር የሚነግረን ነገር አልነበረም።

ገበያ ላይ አንዲት ሴት ለባለቤቱ ወሬ ነገረቻት። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ አንዲት የጤና ባለሙያ መድኃኒት ይዛ ሸሽታ ዘመዶቿ ቤት አለች። ሌላ ሰው ጠየቅሁ፤ እሱም ሰምቷል። ሁለቱም የሰሙት ከአንድ ሰው እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ፤ ግን የምናጣራበት መንገድ ስላልነበረ ሄድን። የወንድሜ ሚስትና እኔ፣ በእርሻ መሃል፣ ዋናውን መንገድ እየሸሸን። ሰዎች ማሽላ ያጭዱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከማሳው ቀና ብለው «ወዴት ነው በዚህ ጊዜ፣ እናቶቼ?» አሉን። ነገርናቸው። «አላህ ይርዳችሁ» ብለው መንደሩን በማጭዳቸው ጠቆሙን።

ወሬው እውነት ነበር። ወጣት ሴት ናት፤ ጋቢ ተከናንባ ወጣች። መድኃኒቱን ከሐይቁ ዳር እርጥብ መሬት ውስጥ ቀብራው ስለነበር አንድ ብልቃጥ አምጥታ አሳየችን። ወረቀቱ በእርጥበት ተላጦ የለም። ወንድሜ የሚወስደው ሲነቀንቁት እንደ ወተት የሚደፈርሰውን ዓይነት ነው። ይኼ ጥርት ያለ ነው፤ ታቹ ላይ ግን ነጫጭ ብናኝ አለው።

«ኢንሱሊን ነው?» አልኳት።

«ኢንሱሊን ነው፣ እሱን እርግጠኛ ነኝ።»

«ጥርት ያለው ዓይነት ነው ወይስ ሌላው ተበላሽቶ ነው እንዲህ የሆነው?»

ብልቃጡን ወደ ብርሃን ይዛ ቆየች። «እታለም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሁለቱንም ነበር የያዝኩት። የቱ እንደሆነ አላውቅም። ጥርት ያለው ከሆነ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ቢበዛበት ራሱን ይስታል።»

የወንድሜ ሚስት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና ብልቃጡን መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

በመንገዱ ሁሉ እያሰብኩ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የማላውቀውን ነገር «አልታወቀም» ብዬ መጻፍ ሥራዬ ነበር፤ ጽፌ እዘጋዋለሁ። ይህንን ግን የሚወጋ ሰው ቤት ይጠብቃል።

ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ምንም ሳልቀንስ። ብልቃጡን ወስዶ አየው።

«ካልወጋሁ ምን እሆናለሁ?»

«ታውቀዋለህ።»

«እንግዲያው ምን ያከራክረናል? ቢስሚላህ።»

ራሱ ወጋ። ጥቂት ነው የወሰደው። ባለቤቱ በሻይ ብርጭቆ ስኳር በጥብጣ ጎኑ ተቀመጠች፤ ራሱን ቢስት ልታጠጣው። አልሳተም። በማግስቱ ውኃ ጥሙ የቀለለለት መሰለን። ተነስቶ ከተቋረጠ የመብራት ሽቦ ውስጥ መዳቡን አውጥቶ የመርከቧን ጠርዝ አጥር ጠመዘዘ፤ ከወይራ ጭራሮም ገመድ የሚታሰርባቸውን አጫጭር ምሰሶዎች ፋቀ። ባለቤቱ ዘፈነች። ሠርቷል አልን። መድኃኒቱ ሠርቶ ይሁን፣ ሰውነቱ ለመጨረሻ ጊዜ ተጣጥሮ ይሁን ዛሬም አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር።

ከዚያ በኋላ ትንፋሹ ጥልቅ ሆነ፤ ተቀምጦ ሳለ ዳገት እንደወጣ ሰው ይተነፍሳል። አጠገቡ ሲቀመጡ ትንፋሹ የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል። ይህ ሽታ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ጊዜ ስለ ሕመሙ ስዘግብ ሐኪም ነግሮኛል። ለባለቤቱ አልነገርኳትም። እሷ መስኮቱን ከፈተችው።

ሳንቃዋን እኔ እለጥፋለሁ፤ እሱ ተጋድሞ መዳፉን ወለሉ ላይ ያሳልፋል። የጣቶቹ ጫፍ ቢደነዝዝም መዳፉ ይሰማው ነበር።

«እዚህ ጋ ከፍ ብላለች።»

«አልታየኝም።»

«ንቀያት።»

«ትንሽ ነው ጋሼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክላታለሁ።»

«ንቀያትና መልሰሽ ለጥፊያት። ደህና ሠርተሽ ሳለ…» ትንፋሽ አጠረው። ጠበቅሁት። «…ደህና ሠርተሽ ሳለ በአንዷ አታበላሺው።»

ነቀልኳት። አሮጌውን ኮላ ፋቅሁ፣ ጠርዟን እንደገና አጠቆርኩ፣ ለጠፍኩ፣ ኮላው እስኪይዝ በአውራ ጣቴ ጫንኳት። በዚያ ሰዓት እዚያ ቤት ውስጥ ላደርግለት የምችለው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ቀና ስል ዓይኑን ጨፍኗል። ስጠራው ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው «እ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ባለቤቱ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሸሃዳ ጆሮው ላይ ደጋገመችለት። ከፈጅር ሶላት በኋላ አረፈ። ጎረቤት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ተኩስ ሳይፈራ ወጥቶ ቀበረው። ለልጆቹ የምናረዳበት ስልክ አልነበረም። አባታቸው ከተቀበረ በኋላም ለቀናት ጅዳ ላይ ስለ ጤንነቱ ዱአ ያደርጉ እንደነበር ኋላ ሰማን።

ታጣቂዎቹ ከከተማው የወጡት ሐዘንተኛው ገና እየተመላለሰ ሳለ ነው። ትንሽ ቆይቶ የጤና ሠራተኞች ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ፣ «የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም መድኃኒት የምትወስዱ ውጡ!» እያሉ በየሰፈሩ ዞሩ። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አጥፋ አደግድጋ ወጣች፤ ተከተልኳት። ከባጃጁ የወረደው ወጣት የበረዶ ሳጥን ይዟል።

«እዚህ ቤት የስኳር ታማሚ አለ ብለውናል፣ እናቴ።»

«ነበረ» አለችው።

ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ ስለነበር ብልቃጦቹ በረዶው መሃል ተደርድረው ይታዩ ነበር። በእያንዳንዳቸው ላይ ወረቀታቸው አለ፣ ይነበባል። እሷም አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

ከዚያ ክዳኑን በገዛ እጇ ዘጋችው።

«ፀሐይ አታስመታው» አለችው። «ከመስጊዱ በታች አንዲት ልጅ አለች፣ እንደሱው የምትወጋ። እናቷ እግሯ አይሠራም፣ ልትወጣላችሁ አትችልም። ና፣ ቤቱን ላሳይህ።»

ባጃጁ ላይ አልተሳፈረችም። ከፊቱ ቀድማ፣ ወደ ሩጫ በቀረበ እርምጃ፣ ቁልቁለቱን ወረደች።