የመርፌ አውራ ጣት

የምሥራች፤ አውራ ጣቷ ተነበበ። ዛሬ ጠዋት፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ የመታወቂያ ማደሻው ማሽን ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ሲል ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ጥዬ አጨበጨብኩ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሎተሪ የወጣልኝ መስሏቸው ዞረው አዩኝ።

ጣቱ የታላቅ እህቴ ነው። ሰፈሩ የሚጠራት “መርፌ” እያለ ነው፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ምላሷ ስለሚወጋ፣ አንድም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልብስ ስለሰፋች። ከሦስቱ የትኛው እንደቀደመ የሚያስታውስ የለም። ሱቋ ውስጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ካውያ፣ ረጅም መስታወትና አንድ መጋረጃ አለ፤ አምስተኛ ነገር ከገባ አንድ ሰው መውጣት አለበት።

መርፌ ጋ ልብስ ሊለካ የገባ ሰው ዝም ብሎ አይወጣም። “እጅህን አንሳ። ተቀመጥ። ጎንበስ በል። የት ያዘህ?” ትለዋለች። “ደህና ነው” ካላት ጭራሽ አትለቀውም።

“ደህና ነው ብለህ ሄደህ ሰርግ መሐል ብብትህ ሲተረተር የሚነሣው የኔ ስም ነው። የያዘህን ቦታ ካልነገርከኝ እኔ በጨርቅ ውስጥ አይታየኝም።”

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ የሆነውን ሁሉ የደበቀችው።

አምና አንጀቷ ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ቤቷ ሆና የምትውጠው ኪኒን አዘዘላት። ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ ትውጣለች፣ አንድ ሳምንት ታርፋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት፣ ኪኒኑ ምን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ልታስረዳት ስትጀምር እህቴ ደንበኛ ቀጥራ ስለነበር “ገባኝ፣ ገባኝ” እያለች ወደ በሩ ሄደች። “እንግዲያው ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግተው ያንብቡ” አለቻት ፋርማሲስቷ ከኋላዋ።

መዘርጋቱንስ ዘረጋችው። ቀጭን፣ ሰፊ፣ ቶሎ የማይቀደድ ወረቀት ነው። “እንዲህ ያለ ወረቀት ስፈልግ ስንት ጊዜዬ” አለችና የአንዲት ደንበኛ የኮሌታ ቅድ አወጣችበት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በትንሽ ማቅለሽለሽና በድካም አለፉ። በሦስተኛው መዳፏ ቀላ። ስጠይቃት “ካውያ ነው” አለችኝ። ሁለቱን እጅ በአንድ ካውያ? እኔም እኮ አመንኳት። ከዚያ ደግሞ ጓንት ማድረግ ጀመረች፤ “ነጭ ጨርቅ እንዳላቆሽሽ ነው።” ይህንንም አመንኩ። እንዲያውም ጥንቃቄዋን ለጎረቤት አወራሁላት።

የገለጠብን መታወቂያዋ ነው። ሊያልፍበት ሲል ለማሳደስ አብሬያት ሄድኩ።

“እማማ፣ አውራ ጣትዎን ይጫኑ” አላት ሠራተኛው።

“እማማህ ቤት ናት” አለችና ጓንቷን አውልቃ ተጫነች። ቀይ መብራት። እንደገና ተጫነች። ቀይ።

“ማሽኑ ሊያነብዎት አልቻለም።”

“ማንበብ ካልቻለ ትምህርት ቤት ላከው።”

ሠራተኛው ሳቀና ጣቷን ወደ መብራት ሳብ አድርጎ አየው፤ ሳቁ ወዲያው ቆመ። “እናቴ፣ እዚህ ጣት ላይ መስመር የለም እኮ።”

እኔም አየሁ። ጣቷ እንደ ተላጠ ቲማቲም ለስልሷል፤ መዳፏ ቀልቶ ዳር ዳሩ ይቀረፋል።

ደረጃው ላይ ያዝኳት። “ካውያ ነው አልሽኝ።”

“ካውያም አለበት።”

“እትዬ።”

የደረጃውን ብረት ልትደገፍ እጇን ዘረጋችና አመማት መሰለኝ መልሳ ሰበሰበችው። “ከነገርኳቸው ኪኒኑን ይነጥቁኛል። ከነጠቁኝ ያ ነገር ይመለሳል። ስለዚህ እጄ ይላጥ አልኩ።”

“እጅሽ ከሌለ በምን ትሰፊያለሽ?”

“እሱን ነው እንጂ የማስበው። ሁለት ሳምንት ሆነኝ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ካቃተኝ።”

ለካ ከእጇና ከዕድሜዋ አንዱን ልትመርጥ ብቻዋን ስትታገል ኖሯል፤ እኔ ስለ ጓንቷ ጎረቤት ለጎረቤት ስዞር። ክርክሩን እዚያው ደረጃው ላይ ትቼ በቀጥታ ወደ ፋርማሲስቷ ወሰድኳት።

ፋርማሲስቷ መዳፏን ስታይ አልደነገጠችም። “ይህ ኪኒኑ ከሚያመጣቸው የታወቁ ነገሮች አንዱ ነው። መዳፍና የእግር ሥር ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል። አንዳንዱ ሰው አሻራው እስኪጠፋ ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ አላገኙትም?”

እህቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

“ወረቀቱ ኮሌታ ሆኗል” አልኩ እኔ፤ ነገሩንም አስረዳሁ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን መለሰችና “ሌላስ? ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?” አለቻት።

“ደህና ነኝ” አለች መርፌ።

ይህን ቃል ስሰማ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ፊቷ ቆምኩና “እጅሽን አንሺ። ተቀመጪ። የት ያዘሽ?” አልኳት።

እንደዚያ ያየችኝ ልጅ ሆኜ መቀሷን የሰበርኩባት ቀን ብቻ ነው። ግን ተቀመጠች። “እግሬም ያቃጥለኛል” አለች። “ጫማ አላስገባ ብሎኛል። አፌም ቆስሏል፤ ትኩስ ነገር አልችልም።”

ፋርማሲስቷ እዚያው ለሐኪሙ ደወለች። ቆዳዋ እስኪያገግም ኪኒኑ እንዲቆም፣ ከዚያም መጠኑ ተቀንሶ እንዲጀመር አዘዘ።

“ይኸው ነጠቃችሁኝ” አለች እህቴ።

“አልነጠቅንዎትም። መጠኑን መቀነስ ሕክምናውን መተው አይደለም። መጀመሪያ የታዘዘልዎት በቁመትዎና በክብደትዎ ተሰልቶ ነው። ሰውነትዎ እንዴት እንደሚቀበለው ግን የምናውቀው እርስዎ ሲነግሩን ነው።”

መርፌ ትንሽ አሰበች። “የመጀመሪያ ልኬት ነው በይኛ።”

“ልክ እንደሱ። እና በራስዎ አያቋርጡ፤ ችለውም ዝም አይበሉ። ትኩሳት ከመጣ፣ ተቅማጥ ጀምሮ አልቆም ካለ፣ አፍዎ መብላት ከከለከለዎት ወይም ደረትዎን ካመመዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ይደውሉ።” ቅባት ሰጠቻት፤ ከሙቅ ውኃና ከካውያ እንድትርቅ ነገረቻት። በመጨረሻም አዲስ ወረቀት አውጥታ “ይህን ግን መቀስ እንዳይነካው” አለቻት።

ወረቀቱ አሁን መስታወቱ አጠገብ በስፒል ተሰክቷል፤ ደንበኞች ሲለኩ ያነቡታል። ያቺ የኮሌታዋ ባለቤት ግን ኮሌታዋ ከተቅማጡ አንቀጽ ላይ እንደወጣ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ደግሞ እንዴት አምሮባታል!

ካውያው ለኔ ደረሰኝ። መርፌ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን ቅባት እየቀባች “እየተኮስሽ ነው ወይስ እያሸሽው?” ስትለኝ ከረመች። ኪኒኑን በተቀነሰው መጠን ከጀመረች ወዲህ መዳፏ አንድ ቀን ብቻ ቀላ አለ፤ ወዲያው ደወለች። ፋርማሲስቷም ስልኩን ስታነሣ “ደህና ነዎት?” ማለቱን ትታ “የት ያዘዎት?” ነው የምትላት። ገና ሁለት ዙር ይቀራታል፤ ስለ በሽታው ወደፊት ማንም ምንም አልማለላትም። ግን ኪኒኑም በእጇ ነው፤ እጇም በእጇ ነው።

ዛሬ ጠዋት መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሠራተኛው “እንኳን ደስ ያለዎት፣ እማማ” አላት።

“እንኳን ማሽንህ ፊደል ቆጠረልህ” አለችው።

ይህን የምጽፈው የካውያው ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ነው። እሷ እፊቴ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነው፣ አራተኛው ላይ ደርሳለች። ፋርማሲስቷ “አሻራዋ የተመለሰ ቀን በስልክ እንዳትነግሩኝ፤ ጣቱን አምጡና አሳዩኝ” ብላን ነበር። መርፌ ደግሞ ደንበኛ ቀጥራለች፣ ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ አውራ ጣቷን ነጭ ጠመኔ አስነክቼ በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ አስጫንኳት፤ መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በነፋስ እንዳይራገፍ በሁለት እጄ ይዤው መሄድ አለብኝ፣ ፋርማሲው ለምሳ ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው። ካውያውን ነቅያለሁ። ሄድኩ።