ሽማግሌው ዘር የቆጠሩ ዕለት

ባለፈው ጆበርግ ውስጥ፣ ሐበሻ የሚነግድበት ጀፕስታውን ለሱቅ ዕቃ ልገዛ ሄጄ፣ አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «ጃንሆይ ባይወርዱ ኖሮ ይሄኔ እዚህ ባልተንከራተትን» አለ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ አልሆነልኝም። «የማን ጃንሆይ?» ብዬው ካርቶኔን ተሸክሜ ወጣሁ።

ያ የኮሮና ክረምት ትዝ ብሎኝ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከከምባታ መጥቼ፣ ሶዌቶ አጎቴ ጋሽ ጴጥሮስ ሱቅ እሸጥ ነበር። ዮናስን የወደድኩት ያኔ ነው። እሱ የሐኪም ቤተሰብ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ፤ እኔ ጴንጤ። ሽማግሌ ላከ።

የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ ሰፈሩም ከሰል ከሰል ይሸታል። የዮናስ አጎት ዶክተሩና አንድ ጓደኛቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ጓዳ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። እሺ ሳይባል ሽማግሌ እህል አይቀምስምና ዶሮዬ ምድጃ ላይ ይጠብቃል።

ዶክተሩ እንደ ወጉ የልጁን ዘር ቆጠሩ። ሊያቀራርቡን መስሏቸው፣ «አያቱ በጃንሆይ ጊዜ እናንተው አገር መልከኛ ነበሩ» ብለው በኩራት ስም ጠሩ።

ጋሼ ማስኩን አወረደ። «እኛ የእሳቸው ጭሰኞች ነበርን» አለ። «እናቴ ስትሞት ቄሱ፣ ‹ጴንጤ በቅጥራችን አይቀበርም› አሉ። እኚሁ ሰውዬ ደግሞ፣ ‹መሬቴን አታስቆፍሩ።› ወንዝ ዳር ቀበርናት። ጅብ እንዳያወጣት አባቴ ድንጋይ ሲከምር ዋለ።»

«ንጉሡ ይህን አላዘዙም፣ አቶ ጴጥሮስ።»

«መልከኛውን ማን ሾመው? ንጉሡን ወታደር አወረዳቸው ትላላችሁ። እኛ ቤት የወደቁት ግን እናቴን የቀበርን ቀን ነው። አሁንም ጥፋት ነበር በሉና ልጅቷን ውሰዱ።»

«አባቴን ላዋርድ አልመጣሁም» ብለው ዶክተሩ ተነሡ። ከደጅ አንዲት ደንበኛ፣ «ሲሲ፣ እህቴ፣ ዳቦ!» እያለች መስኮቱን ትደበድባለች።

ለዮናስ ደወልኩለት። «አንተ እንኳ ጥፋት ነበር በለኝ።»

«ያለፈ ነገር ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«ካለፈ ለምን ትኮሩበታላችሁ?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ጋሼ ንጉሡ ሲወርዱ መንገድ ወጥቶ ጨፍሯል። ጭሰኞቹም መሬቱን አገኙ፤ ብዙም ሳይቆይ ደርግ ጸሎት ቤታቸውን አሸገው።

ዮናስ ሌላ አግብቷል አሉ። አንዳንዴ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ግን ልጅ ብንወልድ፣ የአባቱ ወገን ለእናቱ ወገን መቃብር እንደ ነሳ ማን ይነግረው ነበር? እኔ ነኛ። እነሱማ ስም ጠርተው ያልፉታል።